በርጫና ጨብሲ በፈተና ሰሞን

የፈተና ሰሞን ሲቃረብ፣ ቤት ተከራይተው የሚማሩ ተማሪዎች አራት አምስት ሆነው ገንዘብ ያዋጡና አንድ እስር ጫት ገዝተው፣ ደብተራቸውን ዘርግተው ይቀመጣሉ። ሐሳባቸው መጥፎ አይደለም፤ ሌሊቱን ሳይተኙ ለማጥናት ነው። አደጋውም ያለው እዚሁ ላይ ነው፤ ልጁ ራሱን ትጉህ ተማሪ እንጂ ሱሰኛ አድርጎ አይቆጥርምና።

ልማዱ የጥቂቶች ብቻ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑት ወንዶች ከመቶ 27ቱ፣ ከሴቶቹም ከመቶ 12ቱ ጫት ቅመው እንደሚያውቁ ገልጸዋል።

ለመሆኑ ቅጠሉ ምን ይዟል? ዋነኛው ንጥረ ነገር ካቲኖን ይባላል። በተባበሩት መንግሥታት ላቦራቶሪ ከቅጠሉ ተለይቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1975 ሲሆን፣ ሥራው አምፌታሚን ከተባለው አነቃቂ መድኃኒት ጋር ይመሳሰላል። ቅጠሉ ከተቀጠፈ በኋላ ካቲኖን በሁለት ቀን ያህል ጊዜ ውስጥ ደካማ ወደሆነው ካቲን ይለወጣል። ነጋዴው በኮባ ጠቅልሎ ውሃ የሚረጨው፣ የጫት መኪናም እንደዚያ የሚከንፈው ስለዚህ ነው። (የኬሚስትሪ መምህር ይህን በክፍል ቢያነሣው፣ ተማሪው ከመጽሐፉ ምሳሌ ይልቅ በጥሞና ሳይከታተለው አይቀርም።)

ካቲኖን ወደ ደም ሲገባ ልብ ይፈጥናል፣ የደም ግፊት ይጨምራል፣ ረሃብና እንቅልፍም ይጠፋሉ። ምርቃና የሚባለው ይኸው ነው። በዚያን ሰዓት ለቃሚው ሁሉ ነገር የገባው ይመስለዋል። ነገር ግን አንጎል የተማረውን የሚያደላድለው በእንቅልፍ ጊዜ ስለሆነ፣ ሌሊት ያነበበው ጧት በፈተናው ወረቀት ፊት ይከዳዋል።

ምርቃናው ሲያልፍ ደግሞ ድብርት ይመጣል፤ እንቅልፍ እምቢ ይላል፤ ቢመጣም ዱካክ አለበት። እንግዲህ ምርቃናውን «ለመስበር» ወደ አረቄ ቤት ይኬዳል፤ ጨብሲ የሚሉት ይህንን ነው። ጫቱ ስካሩን ስለሚሸፍንበት ልጁ የሰከረ አይመስለውምና ከልኩ በላይ ይጠጣል። ለጥናት ብሎ የጀመረ ተማሪ በዓመቱ ሁለት ሱስ ይዞ የሚገኘው በዚህ መንገድ ነው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላ ሰው የአልኮል መጠጥ እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ ከትምህርት ቤት ጓሮ ያለው አረቄ ቤት ግን የልደት ወረቀት አይጠይቅም።

ምልክቱን መለየት ለመምህር ብዙ አያስቸግርም። ጧት የሚያንቀላፋ፣ ከቀትር በኋላ ከክፍል የሚጠፋ፣ ከጓደኞቹ ብር መበደር ያበዛ ተማሪ ካለ ለብቻው ጠርቶ ማነጋገር ይገባል። በሰልፍ ላይ ማዋረድ ልጁን ይበልጥ ወደ በርጫው ይገፋዋል። ጉንጫችንን ወጥረን የምንታይ መምህራን መኖራችንንም ተማሪው አሳምሮ ያውቃል፤ የዚህ ዓይነቱ መምህር ምክር ከበር አያልፍም።

ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ በዚያች ጠባብ ክፍል የሚሰበሰቡት ሌላ መብራትና ወንበር ያለበት ቦታ ስለሌላቸው ነው። ትምህርት ቤቱ በፈተና ሰሞን ቤተ መጻሕፍቱን እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ቢከፍትና መምህራን በተራ ቢጠብቁ፣ ወጪው የመብራትና የአንድ ዘበኛ አበል ብቻ ነው።