ያላነበቡትን መጥቀስ፦ የምንጭ አጠቃቀም ለምን ጥንቃቄ ይሻል?

እ.ኤ.አ. በጥር ወር 1980 «ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን» የተሰኘው ታዋቂ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ለአዘጋጁ በሚላኩ ደብዳቤዎች ዓምዱ ላይ አንዲት አጭር ጽሑፍ አወጣ። ደብዳቤዋ ከአምስት ዓረፍተ ነገር አትበልጥም። ጸሐፊዎቿ ጄን ፖርተርና ኸርሼል ጂክ የተባሉ የቦስተን ተመራማሪዎች ናቸው። እነዚህ ተመራማሪዎች ሆስፒታል ተኝተው ሲታከሙ ቢያንስ አንድ ጊዜ ናርኮቲክ የሕመም ማስታገሻ የተሰጣቸውን 11,882 ሕሙማን መዝገብ መርምረው፣ ቀደም ሲል የሱስ ታሪክ ሳይኖርባቸው በሚገባ የተረጋገጠ ሱስ የያዛቸው አራት ብቻ ሆነው እንዳገኟቸው ገለጹ።

የደብዳቤዋ ቁም ነገር ይኸው ነው። ሕሙማኑ መድኃኒቱን የወሰዱት በሐኪምና በነርስ ክትትል ሥር ነበር። ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ምን እንደ ገጠማቸው ወይም ማስታገሻውን በየቤቱ ለወራትና ለዓመታት የሚወስድ ሰው ምን ሊደርስበት እንደሚችል ደብዳቤዋ አንዳች አትናገርም። ይሁን እንጂ በተከታዮቹ ዓመታት በርካታ ጸሐፊዎች «የሕመም ማስታገሻ ሱስ አያስይዝም ማለት ይቻላል» ለሚል ጥቅል አባባል ማስረጃ አድርገው ጠቀሷት። አንዱ ከሌላው እየተቀበለ ሲጠቅስ አምስቱ ዓረፍተ ነገሮች ትልቅ ጥናት መስለው ታዩ።

እ.ኤ.አ. በ2017 የካናዳ ተመራማሪዎች ደብዳቤዋ የተጠቀሰችባቸውን 608 ጽሑፎች ለቅመው መረመሩ፤ ውጤቱንም በዚያው መጽሔት ላይ አሳተሙ። ከእነዚህ ውስጥ 439ኙ፣ ማለትም 72 በመቶ ያህሉ፣ ሱስ እምብዛም እንደማይከሰት ማስረጃ አድርገው አቅርበዋታል። 491ዱ ደግሞ የተጠኑት ሰዎች ሆስፒታል የተኙ ሕሙማን መሆናቸውን እንኳ አልገለጹም። መጽሔቱም ከዚያ ወዲህ ደብዳቤዋ ያለ በቂ ምርመራ በብዛት ስትጠቀስ እንደ ኖረች ለአንባቢ የሚያስጠነቅቅ ማሳሰቢያ ከደብዳቤዋ ጋር አያይዟል። በዚህ ጊዜ ውስጥ በሰሜን አሜሪካ የእነዚህ ማስታገሻዎች ትእዛዝ እጅግ ተስፋፍቶ ነበር፤ ከኦፒዮይድ ጋር በተያያዘ ሞትም በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አልፈዋል። ለዚህ ጥፋት የመድኃኒት ሽያጭ ቅስቀሳን ጨምሮ ብዙ ምክንያቶች አሉት። ሆኖም ተመራማሪዎቹ እንዳመለከቱት፣ ሐኪሞች ስለ ሱስ የነበራቸው ስጋት እንዲቀንስ በማድረግ ረገድ ይህ ግዴለሽ አጠቃቀስም ድርሻ ነበረው።

ምንጭ የሚጠቀሰው ለምንድን ነው?

ብዙ ተማሪዎች ምንጭ መጥቀስን መምህር የሚጠይቀው ሥርዓት፣ ከጥናቱ መጨረሻ ላይ ለጌጥ የሚለጠፍ ዝርዝር አድርገው ይመለከቱታል። በእርግጥ ግን ሦስት ዓበይት ተግባራት አሉት። አንደኛው የባለቤትን ድካም ማወቅና ማክበር ነው። ሁለተኛው የጸሐፊውን ሐሳብ ከሌሎች ሐሳብ መለየት ነው፤ ይህ ሲጓደል የጽሑፍ ስርቆት ይባላል። ሦስተኛውና ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ደግሞ አንባቢው «ይህ ነገር እውነት ነውን?» ብሎ ሲጠራጠር ወደ ማስረጃው የሚመለስበትን መንገድ ማሳየት ነው።

የደብዳቤዋ ታሪክ የሚያስተምረን ስለዚህ ሦስተኛው ተግባር ነው። ከ608ቱ ጸሐፊዎች አንዳቸውም ምንጭ አልጠቀሱም ተብለው ሊወቀሱ አይችሉም። የደራሲዎቹ ስም፣ ዓመቱ፣ መጽሔቱ ተሟልቶ ሰፍሯል። የጎደለው ምንጩ የሚለውና ጠቃሹ ይላል ያለው መገናኘታቸው ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው ሕግ ይህ ነው፦ ያነበብኸውን ጥቀስ፤ የጠቀስኸውንም አንብብ።

ስሕተት እንዴት ይወረሳል?

የጥንት የብራና መጻሕፍትን የሚያጠኑ ሊቃውንት የታወቀ ዘዴ አላቸው። ሁለት ብራናዎች በአንድ ቦታ አንድ ዓይነት ግድፈት ከተገኘባቸው፣ አንዱ ከሌላው ወይም ሁለቱም ከአንድ ቀደምት ቅጂ እንደ ተገለበጡ ይገመታል። ትክክለኛ ቃል ከየትም ሊገኝ ይችላል፤ ተመሳሳይ ስሕተት ግን ዝምድናን ያጋልጣል።

ሚካኤል ሲምኪንና ቭዋኒ ሮይቾውድሪ የተባሉ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ የሚሠሩ ተመራማሪዎች በዘመናችን ጥናታዊ ጽሑፎች ላይ ያደረጉት ምርመራ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት ጽሑፍ 4,300 ጊዜ ያህል የተጠቀሰን አንድ ታዋቂ ጥናት ወሰዱ። በጠቃሾቹ የዋቢ ዝርዝር ውስጥ የቅጽ፣ የገጽ ወይም የዓመት ስሕተት ያለባቸውን ሲለቅሙ 196 አገኙ። የሚያስገርመው ግን የስሕተቶቹ ዓይነት 45 ብቻ መሆኑ ነው። አንዱ የገጽ ቁጥር ስሕተት ብቻውን 78 ጊዜ ተደግሟል። ሰባ ስምንት ሰዎች በየራሳቸው ተሳስተው አንድ ዓይነት የተሳሳተ ቁጥር ይጽፋሉ ማለት ዘበት ነው። ተመራማሪዎቹም ከዚህ በመነሣት ከጠቃሾች መካከል ዋናውን ጽሑፍ ያነበቡት ከአምስት አንድ ያህል ብቻ ሊሆኑ እንደሚችሉ ገመቱ። ግምት ነውና ሊያከራክር ይችላል፤ ዝርዝሩ ከዝርዝር እየተገለበጠ መሄዱን ግን በግልጽ ያሳያል።

ምን ይጠቀሳል? እንዴትስ ይጠቀሳል?

ውኃ በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንደሚፈላ ለመናገር ምንጭ መጥቀስ አያስፈልግም፤ የጋራ ዕውቀት ነውና። የሌላ ሰው የምርምር ውጤት፣ አኃዝ፣ ሥዕል፣ ሠንጠረዥ፣ ዘዴ ወይም የተለየ አስተያየት ግን ሁልጊዜ ምንጩ ይነገራል። ቃላቱን ለውጦ በራስ አገላለጽ መጻፍም ከዚህ ግዴታ ነጻ አያወጣም፤ የተለወጠው ቃሉ እንጂ ሐሳቡ አይደለምና። ቃል በቃል ሲወሰድ ደግሞ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ገብቶ የገጹ ቁጥር ይጨመራል።

አጠቃቀሱ ሁለት ዋና ዋና ስልቶች አሉት። በአንደኛው የደራሲው ስምና የኅትመቱ ዓመት በጽሑፉ መካከል በቅንፍ ይገባሉ፤ ይህ በተለምዶ የሃርቫርድ ስልት ይባላል። በሁለተኛው ምንጮች እንደ አመጣጣቸው ተራ ቁጥር ይሰጣቸዋል፤ በሕክምና መጽሔቶች የተለመደው ይህ ስልት ከቫንኩቨር ከተማ ስሙን ወስዷል። የትኛውም ቢመረጥ አንድ ጽሑፍ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ስልት መመራት አለበት። የዋቢ ዝርዝሩም አራት ጥያቄዎችን ይመልሳል፦ ማን ጻፈው? መቼ? ርእሱ ምንድን ነው? የትስ ይገኛል?

ከቅርጹ ይልቅ የሚከብደው ግን የይዘቱ ታማኝነት ነው። ከላይ ያየነውን ደብዳቤ አንድ ተማሪ እንዲህ ቢጠቅሰው፦ «የሕመም ማስታገሻ ከሚወስዱ ሰዎች በሱስ የሚያዙት ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም (ፖርተርና ጂክ፣ 1980)»፤ ቅርጹ ትክክል ነው፣ ነገሩ ግን ምንጩ ያላለው ነው። እንዲህ ቢጻፍ ይታረማል፦ «ሆስፒታል ተኝተው ናርኮቲክ ማስታገሻ በወሰዱ 11,882 ሕሙማን መዝገብ ላይ፣ ቀደምት የሱስ ታሪክ ሳይኖርባቸው በሱስ የተያዙ አራት ሰዎች ብቻ ተገኝተዋል (ፖርተርና ጂክ፣ 1980)።» እዚህ ላይ ማን፣ የት፣ ስንት የሚሉት ሁሉ ተገልጸዋል፤ አንባቢው ማስረጃው እስከ ምን ድረስ እንደሚሄድ ራሱ መመዘን ይችላል።

ዋናው ጽሑፍ በቤተ መጻሕፍት ካልተገኘስ? መፍትሔው ቀላል ነው፤ ያነበቡትን መናገር ነው። «አክሊሉ (1965)፣ በእገሌ (2010) እንደ ተጠቀሰው» ብሎ መጻፍ አያሳፍርም። የሚያሳፍረው ያላዩትን እንዳዩ አድርጎ ማቅረብ ነው።

የአገራችን ስምና የዘመን አቈጣጠር

የኢትዮጵያ ተማሪዎች በውጭ አገር መመሪያዎች የማይነገሩ ሁለት ችግሮች ይገጥሟቸዋል። የመጀመሪያው የስም ጉዳይ ነው። የምዕራቡ ስልት የቤተሰብ ስም አስቀድሞ የግል ስምን በፊደል ያሳጥራል። በእኛ አገር ግን የቤተሰብ ስም የለም፤ ሁለተኛው ስም የአባት ነው። እንዶድ የቢልሃርዚያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎችን እንደሚገድል እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ያስተዋሉት ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓለም የዋቢ ዝርዝሮች ላይ የሚገኙት «ለማ፣ አ.» ተብለው ነው። ሥራው የልጅ፣ ስሙ የአባት ሆነ ማለት ነው። ወንድምና እኅት የአንድ ፊደል ስም ካላቸው ጭራሽ ሊለዩ አይችሉም። ስለዚህ በአገር ውስጥ ጽሑፎች የኢትዮጵያውያንን ስም ሳይገለብጡና ሳያሳጥሩ «አክሊሉ ለማ» ብሎ መጻፍ ይመረጣል። ጽሑፉ የሚላክለት መጽሔት የራሱ ደንብ ካለው ግን ያንኑ ለሁሉም በወጥነት መከተል ነው።

ሁለተኛው የዘመን አቈጣጠር ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ገደማ በሰባት፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ በስምንት ዓመት ከአውሮፓውያን እንለያያለን። ጉዳቱን በምሳሌ እንይ። ሁለተኛው አገር አቀፍ የሕዝብ ቆጠራ በጥቅምት 1987 ዓ.ም.፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ1994 ተካሄደ፤ ከ53 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ተቈጠረ። ሦስተኛው በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል በግንቦት 1999 ዓ.ም.፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ2007 ተካሄደ፤ ቁጥሩ ወደ 74 ሚሊዮን ቀረበ። በሁለቱ መካከል 12 ዓመት ተኩል ያህል አለ፤ የሕዝቡ ዓመታዊ ዕድገትም 2.6 በመቶ ገደማ ይሆናል። አንድ ተማሪ ከአንድ ምንጭ «1994»፣ ከሌላው «1999» የሚሉትን ዓመታት አቈጣጠሩን ሳይለይ ወስዶ ቢያሰላ ግን ልዩነቱ አምስት ዓመት ይሆንና ዕድገቱ ከ6 በመቶ ይበልጣል። «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» የምትለዋ አጭር ጽሑፍ ይህን ሁሉ ጥፋት ትከላከላለች።

ኢንተርኔትና አዲሱ ፈተና

ከኢንተርኔት የተወሰደ መረጃ ጸሐፊው ወይም አዘጋጁ ድርጅት፣ ርእሱ፣ አድራሻውና መረጃው የተወሰደበት ቀን ተጽፎ ይጠቀሳል፤ ገጹ ነገ ሊለወጥ ወይም ሊጠፋ ይችላልና። እንደ ዊኪፒዲያ ያሉ ዓውደ ጥበቦች ለመነሻ መልካም ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ግን ከግርጌያቸው ወደ ተዘረዘሩት ምንጮች መሻገር ይገባል።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ሌላ ፈተና መጥቷል። ጥያቄ ሲቀርብላቸው በጽሑፍ የሚመልሱ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራሞች የደራሲ ስም፣ ዓመትና ገጽ የተሟላለት፣ ነገር ግን ፈጽሞ ያልተጻፈ «ምንጭ» ሊፈጥሩ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 በኒው ዮርክ ሁለት ጠበቆች ቻትጂፒቲ የፈጠራቸውን፣ በእውኑ የሌሉ የፍርድ ውሳኔዎች ጠቅሰው ለፍርድ ቤት ማመልከቻ በማቅረባቸው 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል። ውሳኔዎቹን ፈልገው ለማንበብ ቢሞክሩ ኖሮ አለመኖራቸውን ባወቁ ነበር።

ከማስረከብ በፊት

ጥሩ የምንጭ አጠቃቀም የሚጀምረው ጽሑፉ ሲያልቅ ሳይሆን ንባቡ ሲጀመር ነው። ማስታወሻ ሲያዝ የደራሲው ቃልና የአንባቢው አስተያየት ይለያዩ፤ ከእያንዳንዱ ማስታወሻ ጎን ምንጩና ገጹ በዚያው ሰዓት ይጻፍ። ጽሑፉ ሲጠናቀቅም ተማሪው ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች እየተከተለ ስለ እያንዳንዱ ምንጭ ሁለት ጥያቄዎች ራሱን ይጠይቅ፦ ይህን በእርግጥ አንብቤዋለሁን? እኔ ይላል ያልሁትንስ ይላልን? ለሁለቱም «አዎን» ማለት ያልቻለበትን ምንጭ ወይ አንብቦ ያርመው፣ ወይ ይሰርዘው። በሃያ ያልተነበቡ ምንጮች ከታጀበ ጽሑፍ ይልቅ በተነበቡ አምስት ምንጮች ላይ የቆመው ለዕውቀት ይበልጥ ይጠቅማል፤ ነገ በእርሱ ላይ ተመሥርቶ የሚጽፈውንም አያሳስትም።