ከሰባት ቶን እስከ 12.8 ግራም

ሴባስቶፖል ሰባት ቶን ያህል ይመዝናል። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ በአውሮፓውያን ባለሙያዎች ያሠሩት ይህ ሞርታር በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ ዋድላንና ደላንታን አቋርጦ መቅደላ የገባው በመጋቢት ወር ነው። ርቀቱ ወፍ በረር 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጉዞው ወደ ስድስት ወር ፈጀ። በሰው ጉልበት እየተጎተተ፣ መንገዱም ከፊቱ እየተጠረገለት ሲሄድ፣ ወፍ በረር ሲለካ፣ በአማካይ በቀን አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አልሞላም።

በዚያው ወራት ከሰሜን ሌላ ጦር እየመጣ ነበር። 13,000 ያህል ወታደርና 44 ዝሆኖች ያሉት የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር ከዙላ ወደብ እስከ መቅደላ 640 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዟል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸውን በሮች አልፎ፣ የላስታን ምሥራቃዊ ጠርዝ ይዞ፣ በሙጃ በኩል ተከዜን ተሻግሮ ዋድላ ወጣ። እንግሊዛውያኑ እግረኞች የያዙት ስናድር የተባለውን ጠመንጃ ነበር። የስናድር አረር፣ ማለትም ከቀለሃው ተለይቶ የሚበረው እርሳስ፣ 31.1 ግራም ይመዝናል። የሴባስቶፖልን ክብደት ለመሙላት 225,000 ያህል የስናድር አረር ያስፈልጋል።

ገበያ የሚያውቀው ሚዛን ወቄት ነበር፤ አንድ የማርያ ቴሬዛ ብር የሚመዝነው 28 ግራም። የስናድር አረር እንግዲህ አንድ ወቄት ከአሥረኛ ገደማ ነው። ከእርሱ በፊት የነበረው፣ ከአፈሙዝ የሚጎርሰው የኤንፊልድ ጠመንጃ አረር ግን 34.3 ግራም ይመዝን ነበር። ሦስት ግራም የቀነሰው በእንጨት ነው። ኮሎኔል ቦክሰር የተባለው እንግሊዛዊ መኮንን የአረሩን አፍንጫ ውስጡን ባዶ አድርጎ ትንሽ የእንጨት ውታፍ ከተተበት፤ ከኋላው ደግሞ የሸክላ ውታፍ ሰካበት። ከፊት ክብደት ሲቀነስ ሚዛኑ ወደ ኋላ ይሸሻል። ከኋላ ያለው ሸክላ በባሩዱ ግፊት ወደ ፊት ሲነዳ የእርሳሱን ቀሚስ ይለጥጥና ከአፈሙዙ ጥርስ ጋር ያጣብቀዋል። ኢምፓየር ለሦስት ግራም ሲል እንጨት ቤት መግባቱ ቀልድ ይመስላል፤ ግን ሆኗል።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. ሁለቱ ጦሮች አሮጌ በተባለው ሜዳ ላይ ሲጋጠሙ የሆነው በቁጥር ይኸው ነው፦ ከኢትዮጵያውያን ወገን 700 ያህል ሞቱ፤ ከናፒየር ወገን 20 ቆሰሉ፣ ከእነርሱም ሁለቱ ሞቱ። ስናድር በደቂቃ እስከ አሥር ጊዜ ይተኩሳል፤ ከአፈሙዝ የሚጎርስ ነፍጥ በጎበዝ እጅ ሦስት ጊዜ።

ናፒየር ሲመለስ 12 መድፍና ሞርታር፣ 850 ያህል ጠመንጃ ለትግራዩ ደጃዝማች ካሣ ትቶ ሄደ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በሐምሌ 1863 ዓ.ም.፣ የላስታና የዋጉ ዋግሹም ጎበዜ፣ በዘውድ ስማቸው አፄ ተክለ ጊዮርጊስ፣ አሳም ላይ ካሣን ገጠሙ። በብዙዎች ዘንድ የሚጠቀሰው ቁጥር 60,000 ለ12,000 ነው። 60,000ው ተሸነፈ። 850 ጠመንጃ ለ12,000 ሰው ሲከፋፈል ለአሥራ አራት ሰው አንድ ነው። የድሉ ምክንያት ጠመንጃው ብቻ ነው ማለት ግን ሥልጠናውንና አመራሩን መርሳት ነው።

ከዚያ በኋላ ውጅግራ መጣ። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1874 የታጠቀችው ይህ ጠመንጃ ወርዱ 11 ሚሊ ሜትር፣ አረሩ 25 ግራም፣ ባሩዱ 5.25 ግራም ነው። በዐድዋው ዘመን፣ በ1888 ዓ.ም.፣ ዋግሹም ጓንጉልን ተከትሎ ከዋግና ከላስታ የዘመተውን ጨምሮ በብዙ ኢትዮጵያዊ ትከሻ ላይ ይህ ጠመንጃ ነበር። ቀጥሎ የመጣው ለበን፣ የእ.ኤ.አ. 1886 ሥራ፣ አረሩን ወደ 15 ግራም አወረደው፤ ጢስ የለሹ ባሩዱም ከሦስት ግራም በታች ነው። በ1890ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ለዚያው ጠመንጃ ሾጣጣ የነሐስ አረር ተሠራለት፤ ክብደቱ 12.8 ግራም። ግማሽ ወቄት አይሞላም።

ክብደቱ እንዲህ ሲቀልል ጉልበቱ ምን ሆነ? ጉልበት ሲሰላ ክብደት አንዴ፣ ፍጥነት ግን በራሱ ተባዝቶ ይገባል። ስናድር አረሩን በሰከንድ 380 ሜትር ገደማ ይሰድዳል፤ ጉልበቱ 2,245 ጁል። ውጅግራ በ450 ሜትር፣ 2,530 ጁል። ለበን በ630 ሜትር፣ 2,980 ጁል። ቀላሉ የነሐስ አረር በ700 ሜትር፣ 3,140 ጁል። አንድ ኩንታል ጤፍ ወደ ላይ የሚነሣ ቢሆን የስናድር ጉልበት 2.3 ሜትር፣ ውጅግራ 2.6፣ ለበን 3፣ የነሐሱ አረር 3.2 ሜትር ያነሡታል። ትከሻን የሚመታው ርግጫ ግን ክብደትንም ፍጥነትንም አንድ አንድ ጊዜ ብቻ አባዝቶ ስለሚቆጥር በተቃራኒው ይሄዳል፤ ከስናድር ወደ ነሐሱ አረር ሲወርድ፣ አረሩ ብቻውን ሲሰላ፣ በሩብ ያህል ይቀንሳል። አየር ባይኖር የስናድር አረር 100 ሜትር ሲሄድ 34 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል፤ የነሐሱ 10።

ለበን በወጣበት በዚያው በ1886 አሜሪካ ውስጥ ዊንቸስተር ሌላ ጠመንጃ አወጣ። ከቃታው በታች ያለውን ማንሻ ወደ ታች ገፍቶ በመመለስ የሚያጎርስ፣ ወርዱ 11.6 ሚሊ ሜትር የሆነ አረር የሚተኩስ ነው። የጥይቱ የቆየ ልክ 405 ግሬን እርሳስና 70 ግሬን ጥቁር ባሩድ ነው፤ በግራም 26.2 እና 4.5። ከውጅግራ የሚለየው በአንድ ግራም ገደማ ነው። ጥይታቸውን በገዛ እጃቸው የሚሞሉ አዳኞች ዛሬም በዚህ ቀለሃ ውስጥ 300 ግሬን፣ ማለትም 19.4 ግራም የሚመዝን ቀለል ያለ አረር ያስገባሉ። ከአንድ ኪሎ እርሳስ 38 የነበረው አረር 51 ይሆናል። ጉልበቱ እኩል ይሁን ቢባል ፍጥነቱ በ16 በመቶ ይጨምራል፣ የአረሩ ርግጫ በ14 በመቶ ይቀንሳል። ዊንቸስተርም ለበንም ጥይታቸውን ከአፈሙዙ ሥር ባለ ቱቦ ውስጥ አንዱን ከሌላው ኋላ ይደረድራሉ። ስለዚህ የአንዱ ጫፍ የፊተኛውን ካፕሱል ይነካል፤ ሾጣጣ ከሆነ ሊያፈነዳውም ይችላል። አሜሪካኖቹ የአረሩን አፍንጫ ጠፍጣፋ አደረጉት። ፈረንሳዮቹ ሾጣጣውን ትተው መመለስ ስላልፈለጉ በቀለሃው ቂጥ ላይ ጫፉን የሚይዝ ክብ ቦይ ቆፈሩ።

ቀላል አረር የሚከፍለው ዋጋ አየሩ ጋ ነው። ከስፋቱ አንጻር ሲመዘን የስናድር አረር በካሬ ሴንቲ ሜትር 18.6 ግራም ይሸከማል። የዊንቸስተሩ ከባድ አረር 24.7፣ ቀላሉ 18.3። አዳኙ በምርጫው ወደ ስናድር ተመልሷል ማለት ነው። ለበን ግን ወርዱ ጠብቦ ስለተሠራ የነሐሱ አረር በካሬ ሴንቲ ሜትር 24 ግራም ያህል ይይዛል፤ ከውጅግራ በክብደት ግማሽ ሆኖ በዚህ ሚዛን ይጠጋዋል። የስናድር አረር በባሕር ጠለል 500 ሜትር ሲሄድ ሰንጥቆ የሚያልፈው የአየር አምድ 103 ግራም ይመዝናል፤ ከራሱ ሦስት እጥፍ በላይ።

ላስታ ግን በባሕር ጠለል ላይ አይደለችም። በመደበኛ የከባቢ አየር ስሌት፣ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ላሊበላ የአየሩ ጥግግት በዙላ ከሚገኘው 78 በመቶ ብቻ ነው። ናፒየር ያለፈባቸው ከፍ ያሉ በሮች ላይ 73 በመቶ አካባቢ ይሆናል፤ ያው 500 ሜትር የአየር ክብደት ከ103 ወደ 75 ግራም ይወርዳል። ከላሊበላ በላይ ያለው አቡነ ዮሴፍ ከ4,200 ሜትር በላይ ነው። እዚያ 100 ሜትር የሚበር አረር የሚያገኘው አየር ዙላ ላይ በ65 ሜትር ውስጥ ያለውን ያህል ነው።