ፈረቃው የከበደበት መምህር

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በተገኘ በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ከ26 ሚሊዮን የሚበልጡ ተማሪዎች ከትምህርት ገበታቸው ራቁ፤ ትምህርቱም ለአንደኛ ደረጃ በሬዲዮ፣ ለሁለተኛ ደረጃ በቴሌቪዥን እንዲሰጥ ተወሰነ። ይሁን እንጂ በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ፣ መብራት ያልገባበት ቀበሌ፣ ሬዲዮም የሌለበት ቤት ብዙ በመሆኑ የበርካታ ልጆች ትምህርት ተቋርጦ ውሏቸው ከበግ ኋላ ሆነ።

በሌላው ዓለም የአንዳንድ መምህራን ማህበራት ትግል ወደ ክፍል ባለመግባት ላይ ያተኮረ ነበር። ለምሳሌ የቺካጎ መምህራን ማህበር በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. መጨረሻ አባላቱ ከቤት ሆነው እንዲያስተምሩ በድምፅ በመወሰኑ ትምህርት ለ5 ቀናት ተቋርጧል። ይህ ጥያቄ ወደ መንዝ ቢመጣ ኢንተርኔት የሌለውን ልጅ ጨርሶ ያለ ትምህርት ያስቀረው ነበር፤ ስለዚህ እዚህ ደኅንነትና ፍትሐዊነት፣ ማለትም የገጠሩም ልጅ ከከተማው እኩል የመማር ዕድል ማግኘቱ፣ ተነጣጥለው ሊታዩ አይችሉም።

በ1941 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ መምህራን ማህበር ለትምህርት ፍትሐዊነት ጥያቄ እንግዳ አይደለም። በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ ያቆሙት ከደመወዝ ጥያቄያቸው ጋር፣ አብዛኛውን ልጅ በአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ሊወስን የነበረውን «የትምህርት ዘርፍ ጥናት» በመቃወም ነበር። በወረርሽኙ ዘመን ግን አገር አቀፍ የሥራ ማቆም አድማ አልታየም።

ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ትምህርት ቤቶች ከገጠር ተነሥተው አዲስ አበባን በመጨረሻ በማድረግ በየደረጃው ሲከፈቱ፣ በአንድ ክፍል ከ20 እስከ 25 ተማሪ ብቻ እንዲቀመጥና ትምህርቱ በፈረቃ፣ ማለትም ተማሪዎች በቡድን ተከፍለው በመፈራረቅ፣ እንዲሰጥ ታዘዘ። ትእዛዙ ለጤና ተገቢ ነበር፤ ነገር ግን 60 ተማሪዎች የነበሩት ክፍል ለሦስት ሲከፈል፣ ተጨማሪ መምህር እስካልተቀጠረ ድረስ፣ ያው መምህር ያንኑ የሒሳብ ምሳሌ በጥቁር ሰሌዳው ላይ ሦስት ጊዜ ጽፎ ሦስት ጊዜ ማጥፋት ነበረበት። ቧንቧ ባልገባበት ትምህርት ቤትም እጅ መታጠብ ማለት አንድ ሰው በየማለዳው ከምንጭ ውኃ ቀድቶ በጀሪካን ማምጣቱ ነውና፣ ያ ሰው ማን እንደሆነና ማን እንደሚከፍለው መመሪያው ውስጥ መጻፍ ነበረበት። መምህራን ተደራጅተው ሊደራደሩባቸው የሚገቡትም እንዲህ ያሉት የየዕለት ጉዳዮች ነበሩ፤ ዳሩ ግን ዓመት ጥቂት እንዳለፈ፣ በኅዳር 2014 ዓ.ም.፣ የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት እስከ መንዟ ከተማ ሞላሌ ዘልቆ የአካባቢውን ትምህርት እንደገና አስተጓጎለው።