የአባት ፊርማ

ልጅ የሚያሠጋ ሥራ ቢመርጥ ወላጅ ይፍቀድ ወይስ ይከልክል? ስለዚህ ነገር የኢጣልያዊውን የጃኮሞ አጎስቲኒን ታሪክ ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ ወደድን።

ጃኮሞ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1942 ዓ.ም. በብሬሻ ተወለደ። በሞተር ብስክሌት መሽቀዳደምን ቢመኝ፥ ለዐቅመ አዳም ስላልደረሰ ያለ አባቱ ፊርማ አልተቻለውም። አባቱም አደጋውን ፈርቶ እንቢ አለ። ልጁ አጥብቆ ቢለምነው ጊዜ፥ ምክር ለመጠየቅ ወደ ቤተ ሰቡ ውል ጸሐፊ ወሰደው። ጸሐፊው ግን ነገሩ በእግር የሚነዳው ብስክሌት መስሎት፥ ስፖርት ለልጁ ጤና ነውና ፈርምለት ብሎ መከረ ይባላል። ምክሩ በስሕተት የተሰጠ ቢሆንም ፊርማው ጸና።

በ1961 ከትሬንቶ ወደ ቦንዶኔ ተራራ በተደረገው ውድድር ሁለተኛ ወጣ። እስከ 1977 ድረስ 15 ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ 122 ታላላቅ ውድድሮችንም አሸነፈ። እስከ ዛሬ የሚተካከለው አልተገኘም።

ሆኖም የአባትዮው ፍርሀት ከንቱ ነበር ለማለት አንደፍርም። በ1972 በማን ደሴት ያገሩ ልጅና ወዳጁ ጂልቤርቶ ፓርሎቲ በዝናብ ሲሽቀዳደም ሞተ። መንገዱ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ሆኖ በግንብና በቤቶች መካከል የሚያልፍ ነው። አጎስቲኒ በዚያ 10 ጊዜ ያሸነፈ ሲሆን፥ ከዚያ ዓመት ወዲያ ለውድድር አልተመለሰም። ደሴቲቱም ከ1976 በኋላ ከዓለም ሻምፒዮና ወጣች።