«ባትሪው ሞቷል» ከማለታችን በፊት፦ የጣሪያ ሶላርን ብልሽት በመልቲሜትር መፈለግ

እንደሚታወቀው የኤሌክትሪክ መስመር ባልደረሰባቸው ብዙ የገጠር ጤና ኬላዎችና ትምህርት ቤቶች ጣሪያ ላይ የሶላር ፓነል ማየት የተለመደ ሆኗል። መብራቱ ማታ ማታ መጥፋት ሲጀምር ደግሞ ከሁሉም አፍ የሚወጣው ፍርድ አንድ ነው፤ «ባትሪው ሞቷል!» ስለዚህ አዲስ ባትሪ ይገዛል፣ ጥቂት ወራት ደህና ይሠራል፣ ከዚያ እሱም ይሞታል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ላስረዳ የምሞክረው ባትሪ ብዙውን ጊዜ ተበዳይ እንጂ በዳይ አለመሆኑን፣ በዳዩንም በአንድ ተራ መልቲሜትር ማግኘት እንደሚቻል ነው።

ለምሳሌነት የምወስደው ለተግባር ልምምድ በወጣሁበት ወረዳ ያየሁትን የአንድ ጤና ኬላ ሶላር ነው። ያለው አንድ 100 ዋት ፓነል፣ አንድ ቻርጅ ኮንትሮለር፣ አንድ 12 ቮልት 100 አምፔር-ሰዓት የእርሳስ አሲድ ባትሪና አራት አምፖል ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለት ባትሪ ተጥሎ ሦስተኛው ገብቷል፤ የሦስተኛው ዋጋ ከነዋሪው የተዋጣ ነበር። ሌሊት ሕፃን ታሞ ሲመጣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ የሚሠሩት በሞባይል መብራት ነው። ስለዚህ ነገሩ የቮልት ጉዳይ ብቻ አልነበረም።

ፍለጋው ቅደም ተከተል ይፈልጋል።

1ኛ. ባትሪው ምን ይላል? የሚለካው ጧት ፀሐይ ሳትወጣ፣ አምፖሉም ቻርጀሩም ጠፍቶ ጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ ነው። 12.7 ቮልት ገደማ ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.2 ግማሽ ነው፤ 11.9 እና ከዚያ በታች ባዶ ሊባል ይችላል። የጤና ኬላው ባትሪ 11.9 አሳየ። ልብ በሉ፣ ባዶ መሆንና መሞት አንድ አይደሉም። ባትሪ ኃይል ሲሰጥ ሳህኖቹ ላይ እርሳስ ሰልፌት ይፈጠራል፤ በወቅቱ ቻርጅ ከተደረገ ይህ ሰልፌት ይመለሳል። ሳይሞላ ለሳምንታት ከቆየ ግን እየጠነከረ ይሄድና እምቢ ይላል። ያኔ በእርግጥ ይሞታል። ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ «ሞቷል ወይ?» ሳይሆን «ለምን አልሞላም?» የሚል ነው።

2ኛ. ፓነሉ ደህና ነው? ባለ 36 ሴል ፓነል ምንም ሳይገናኝበት 22 ቮልት ገደማ ይሰጣል ተብሎ ይጻፍበታል። ይህ ግን በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ቆርቆሮ ላይ የተቀመጠ ፓነል እኩለ ቀን ላይ 60 ዲግሪ ሊደርስ ስለሚችል ቮልቴጁ ከመቶ አሥር ያህል ይወርዳል። እኛ 20 ቮልት አገኘን፤ ጤነኛ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ 20 ቁጥርን አይቶ «ፓነሉ ተበላሽቷል» ይላል።

3ኛ. ጥላ አለ? ይኼ በጣም የሚናቅ ነገር ነው። 36ቱ ሴሎች በተከታታይ የተያያዙ ናቸው። በአብዛኛው ሁለት ማለፊያ ዳዮዶች ስላሉ አንድ ሴል ሙሉ በሙሉ በጥላ ሲሸፈን አሥራ ስምንቱ ከሥራ ውጭ ይሆናሉ። የቀሩት አሥራ ስምንቱ የሚሰጡት 9 ቮልት ገደማ ነው። በ9 ቮልት ደግሞ 12 ቮልት ባትሪ አይሞላም! ማለትም የእጅ መዳፍ የምታህል ጥላ ግማሹን ብቻ ሳይሆን ሁሉንም ትወስዳለች። እዚህ ቦታ በስተሰሜን ምሥራቅ አንድ ባሕር ዛፍ ነበር። ሶላሩ የተተከለው በታኅሣሥ ነው፤ ያኔ ፀሐይ ከደቡብ ምሥራቅ ስለምትወጣ ጥላው ፓነሉን አይነካም። በግንቦት ግን ፀሐይ ወደ ሰሜን ስለምታዘነብል እስከ ጠዋቱ 4 ሰዓት ድረስ የፓነሉ ጥግ ይሸፈናል።

4ኛ. ኃይሉ መንገድ ላይ ይቀራል? ቀኑ ደምቆ ቻርጅ እየተደረገ ሳለ በሁለት ቦታ ለኩ፤ መጀመሪያ በኮንትሮለሩ የባትሪ መውጫ ላይ፣ ቀጥሎ በባትሪው እርሳስ ላይ (ማያዣው ላይ ሳይሆን)። እኛ 14.4 እና 13.6 አገኘን። በ5 አምፔር 0.8 ቮልት ጠፋ ማለት መንገዱ ላይ 0.16 ኦም አለ፣ 4 ዋትም ወደ ሙቀት ይቀየራል ማለት ነው። ማያዣውን ስንነካው ሞቋል፤ ከሥሩም ነጭ ዱቄት አውጥቷል። ኮንትሮለሩ በራሱ በኩል 14.4 ስላየ «ባትሪው ሊሞላ ነው» ብሎ ፍሰቱን ያለጊዜው ይቀንሳል። ምስኪኑ ባትሪ ግን ገና እየተራበ ነው። ይህ ብልሽት ፍሰት በሌለበት ጊዜ ፈጽሞ አይታይም። በኦም ሕግ መሠረት አምፔር ዜሮ ሲሆን የሚጠፋው ቮልትም ዜሮ ነው። እናም ምሽት ላይ ሁሉን ነገር አጥፍቶ የሚለካ ሰው «ሽቦው ደህና ነው» ብሎ ይሄዳል።

5ኛ. ገቢና ወጪው ይመጣጠናል? አራት አምፖል በ8 ዋት ለ5 ሰዓት 160 ዋት-ሰዓት ይፈጃል፤ የሞባይል ቻርጅ ሲጨመር 210 ገደማ። ፓነሉ ጥላ ባይኖር በቀን 350 ያህል ያስገባ ነበር። ጠዋቱ ሲቀነስ ወደ 230 ይወርዳል፤ ከዚያ ላይ ባትሪው ራሱ አንድ አምስተኛውን ሲያባክን ከወጪው በታች ይሆናል። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ይጎድላል፤ ጉድለቱም ባትሪውን ይገድላል።

መፍትሔው ታዲያ ምን ነበር? ፓነሉ ጥላ ወደማይደርስበት የጣሪያው ጫፍ ተዛወረ፣ ማያዣው ተፍቆ ተጠበቀ፤ ልዩነቱም ከ0.8 ወደ 0.05 ቮልት ወረደ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ጧት 12.6 ተለካ። አንድም ዕቃ አልተገዛም።

ጥንቃቄም አይረሳ። ቀለበትና የብረት ሰዓት ይውለቅ፤ ባትሪ በቁልፍ ሾርት ቢደረግ ሥጋ ያቃጥላል። ቻርጅ ላይ ያለ ባትሪ ሃይድሮጅን ስለሚያወጣ ክብሪት አይጫር። ሲፈታ መጀመሪያ ፓነሉ ከኮንትሮለሩ ይነቀላል፣ ቀጥሎ ባትሪው፤ ሲገጠም በተቃራኒው።

ለዲፓርትመንታችን ተማሪዎች የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። ለልምምድ ስንወጣ የገጠምነውን ወይም ያየነውን ሶላር አራት ቁጥሮች፣ ማለትም የጧት የባትሪ ቮልት፣ የፓነል ቮልት፣ የኮንትሮለር መውጫና የባትሪ እርሳስ ቮልት፣ ከነቀናቸው በወረቀት ጽፈን ከበሩ ጀርባ እንለጥፍ። ቀጥሎ የሚመጣው ሰው የሚያነጻጽርበት ነገር ካለው ሕዝቡ ለአራተኛ ባትሪ አያዋጣም።