ምራቃችንና አክታችን ምን ይነግሩናል?

“ምራቁን የዋጠ ሰው” ሲባል በዕድሜም በአስተሳሰብም የበሰለ ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ታዲያ ስለዚሁ ምራቅ ስንቶቻችን በቂ ግንዛቤ አለን? ጠዋት ስንነሳ አፋችን ደርቆ ምላሳችን ላንቃችን ላይ ሲጣበቅ፣ ወይም “እህህ” እያልን ጉሮሯችንን ስንጠርግ ወፍራም አክታ ሲወጣ፣ አንዳንዶቻችን ነገሬ ሳንለው እናልፋለን። አንዳንዶቻችን ደግሞ መስታወት ፊት ቆመን ምላሳችንን እያየን “በቃ፣ ይዞኛል ማለት ነው” ብለን እንደነግጣለን። ሁለቱም አይጠቅሙም። የሚጠቅመው የትኛው ለውጥ በውሃና በእረፍት እንደሚድን፣ የትኛው ደግሞ ወደ ጤና ጣቢያ ሊወስደን እንደሚገባ ለይቶ ማወቅ ነው።

ምራቅ፣ ንፍጥ፣ አክታ፤ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ምራቅ የሚመነጨው ከጆሮ ሥር፣ ከመንጋጋ ሥርና ከምላስ ሥር ከሚገኙ ሦስት ጥንድ ትላልቅ ዕጢዎችና ከብዙ ጥቃቅን ዕጢዎች ነው። ጤናማ ሰው በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ተኩል የሚደርስ ምራቅ ያመነጫል። ከዚህ ውስጥ 99 በመቶ ያህሉ ውሃ ሲሆን፣ ቀሪው ምግብ የሚያልሙ ኢንዛይሞች፣ ጥርስን የሚጠብቁ ማዕድናትና ጀርሞችን የሚከላከሉ ፕሮቲኖች ናቸው። ዳቦ ቆየት ብላችሁ ስታኝኩ እየጣፈጠ የሚሄደው እኮ ምራቃችን ስታርቹን ወደ ስኳርነት መለወጥ ስለሚጀምር ነው።

ከአፍንጫ እስከ ሳንባ ያለው የአየር መተላለፊያ ደግሞ ሙጫ በሚመስል ስስ ፈሳሽ የተሸፈነ ነው። አቧራው፣ ጭሱና ጀርሙ እዚያ ላይ ይጣበቃል። ከዚያም ፀጉር መሰል ጥቃቅን አካላት እየጠረጉ ወደ ጉሮሮ ያመጡታል፣ እኛም ሳናውቀው እንውጠዋለን። ይህ ፈሳሽ ከአፍንጫ ሲወጣ ንፍጥ፣ ከደረት በሳል ሲወጣ አክታ እንለዋለን። ስለዚህ አክታ መኖሩ ብቻውን በሽታ አይደለም። ሲጋራ የሚያጨሱ ሰዎች ጠዋት ጠዋት የሚያስላቸው ግን ጭሱ እነዚያን ጠራጊዎች ስለሚያዳክምባቸው ነው።

አፍ ለምን ይደርቃል?

የመጀመሪያው ምክንያት ቀላል ነው፤ ውሃ አለመጠጣት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። በተለይ በበጋው ወራት አየሩ ደረቅ ነው። ከጊዮርጊስ እስከ አራት ኪሎ በእግሩ ሲመላለስ ውሎ ቡና ብቻ እየጠጣ የሚያመሽ ወጣት አፉ ቢደርቅ አይገርምም። አፍንጫው ታፍኖ በአፉ እየተነፈሰ የሚተኛ ሰውም ጠዋት አፉ ደርቆ ይነሳል።

ሁለተኛው ጫት፣ ሲጋራና አልኮል ናቸው። ጫት ውስጥ ያለው አነቃቂ ንጥረ ነገር የምራቅን መመንጨት ይቀንሳል። ሱሰኛው ድርቀቱን ለማስታገስ ስኳር የበዛበት ሻይና ለስላሳ መጠጥ ሲደጋግም ደግሞ ጥርሱን የሚጠብቀው ምራቅ በሌለበት ስኳሩ ጥርሱን ይበላዋል።

ሦስተኛው ፍርሃት ነው። ሰው ሲደነግጥ “አፉ ደረቀ” የሚባለው ለአባባል ያህል ብቻ አይደለም። ጭንቀት ሲኖር ነርቮቻችን ወደ ምራቅ ዕጢዎች የሚልኩት ትዕዛዝ ይለወጣል፣ ምራቁም ይቀንሳል፣ ይወፍራልም። እንግዲህ ልብ በሉ! “ኤች አይ ቪ ይዞኝ ይሆን?” ብሎ የሚጨነቅ ወጣት በጭንቀቱ ምክንያት አፉ ይደርቃል፤ ድርቀቱን እንደ በሽታ ምልክት ቆጥሮ የባሰ ይጨነቃል። ይህን ክብ የሚሰብረው መስታወት ሳይሆን ምርመራ ነው።

ከዚህ በተጨማሪ አንዳንድ የአለርጂና የድብርት መድኃኒቶች አፍ ያደርቃሉ። የአፍ ድርቀቱ ከብዙ ጥማት፣ ከሽንት መብዛትና ከክብደት መቀነስ ጋር ከመጣ የስኳር በሽታ ሊሆን ስለሚችል መመርመር ያስፈልጋል። ምራቅ ከመጠን በላይ ሲበዛ ደግሞ የጥርስና የድድ ቁስል፣ ማቅለሽለሽ ወይም የእርግዝና መጀመሪያ ሊሆን ይችላል።

መፍትሔውስ? ውሃ ቶሎ ቶሎ መጎንጨት፣ ቡናን መቀነስ፣ ስኳር የሌለው ማስቲካ ማኘክ፣ ጥርስን በቀን ሁለት ጊዜ መቦረሽ፣ ጫትና ሲጋራን መተው።

ጉሮሮ ላይ የሚከማቸው አክታ

“ጉሮሮዬን ይከረክረኛል፣ የሆነ ነገር ተጣብቆብኛል” የሚሉ ብዙ ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ መነሻው ጉሮሮ ሳይሆን አፍንጫ ነው። ጉንፋን፣ አለርጂና ሳይነስ ሲኖር ንፍጡ ወደ ኋላ እየወረደ ጉሮሮ ላይ ይከማቻል። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ምክንያት ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ ብዙ የፒያሳ ነባር ሰፈሮች ሲፈርሱ የነበረውን አቧራ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸግረውም። ግንባታ ያለበት አካባቢ የሚውል ሰው አፍንጫና አፉን ቢሸፍን ይመረጣል። ሌላው ምክንያት ቃር ነው። የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ ሲመለስ ጉሮሮን ያስቆጣል፣ አክታም ያበዛል። ማታ ዘግይቶ በልቶ ወዲያው መተኛት ያባብሰዋል።

ብዙዎች አክታው ቢጫ ወይም አረንጓዴ ሲሆን ሮጠው ፋርማሲ ይሄዱና “አሞክሲሲሊን ስጡኝ” ይላሉ። ይህ የተሳሳተ አመለካከት ነው። ቀለሙ የሚመጣው በሽታ ከሚከላከሉት የነጭ ደም ሕዋሳት ነው። በቫይረስ በሚመጣ ተራ ጉንፋንም ይታያል፤ ጉንፋንን ደግሞ አንቲባዮቲክ አያድነውም። ያለ ሐኪም ትዕዛዝ መዋጥ፣ ሻል ሲል ማቋረጥ፣ የተረፈውን ለጓደኛ መስጠት ጀርሞች መድኃኒቱን እንዲለምዱ ያደርጋል።

በሌላ በኩል ያለ ሳልና ያለ ንፍጥ ድንገት የሚመጣ ከባድ የጉሮሮ ሕመም፣ ትኩሳትና የአንገት ዕጢ ማበጥ ካለ ቶንሲል ሊሆን ይችላል። በባክቴሪያ የመጣ ቶንሲል በወቅቱ ካልታከመ በተለይ በልጆችና በወጣቶች ላይ የልብ በሽታ ሊያስከትል ይችላል። ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት መጨረስ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

የጉሮሮ ነገር ከተነሳ እንጥል ማስቆረጥን ሳናነሳ ማለፍ አንችልም። እንጥል መቁረጥ ሳልንም የጉሮሮ ሕመምንም አያድንም። ይልቁንም ለብዙ ደም መፍሰስና ለቁስል መመርቀዝ ያጋልጣል። ምላጩ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዘዋወር ኤች አይ ቪን ጨምሮ በደም የሚተላለፉ በሽታዎችን ሊያስተላልፍ ይችላል።

ለተራው ጉንፋንና ለጉሮሮ መከርከር የቤት ውስጥ ዘዴ በቂ ነው። በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ መጉመጥመጥ፣ ትኩስ ሻይ በዝንጅብል፣ ማር (ከአንድ ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ግን ፈጽሞ አይሰጥም)፣ እረፍትና ብዙ ፈሳሽ። እነዚህ ያስታግሳሉ እንጂ ቲቢን አያድኑም።

ኤች አይ ቪ በምራቅ ይተላለፋል?

አይተላለፍም። ቫይረሱ በምራቅ ውስጥ ቢገኝም እጅግ አነስተኛ ነው፤ በምራቅ ውስጥ ያሉት ፕሮቲኖችም ያዳክሙታል። ቫይረሱ የሚተላለፈው በደም፣ በወንድ ዘር ፈሳሽ፣ በሴት ብልት ፈሳሽና በእናት ጡት ወተት አማካይነት ነው። ከአንድ ገበታ መብላት፣ መጎራረስ፣ በአንድ ብርጭቆ መጠጣት፣ ጉንጭ ለጉንጭ መሳሳም አያስተላልፉም። የከንፈር መሳሳምም እንዲሁ፤ ሁለቱም ሰዎች አፋቸው የሚደማ ካልሆነ በስተቀር። ስለዚህ ቫይረሱ በደሙ ውስጥ ያለን ጓደኛችንን ጉርሻ መከልከል ሰውን ከማሳዘን በቀር የሚከላከለው ነገር የለም።

“ታዲያ በአፍ የሚደረገው የኤች አይ ቪ ራስን በራስ መመርመሪያ እንዴት ይሠራል?” ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። መመርመሪያው ድድ ላይ ተደርጎ የሚፈልገው ቫይረሱን ሳይሆን ሰውነታችን ቫይረሱን ለመከላከል የሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ውጤቱ ከ20 ደቂቃ በኋላ ይነበባል። ፖዘቲቭ ካሳየ በጤና ተቋም በደም ምርመራ መረጋገጥ አለበት። ኔጋቲቭ ካሳየና ባለፉት 3 ወራት ውስጥ ለቫይረሱ ተጋልጣችሁ ከሆነ ምርመራው መደገም አለበት። ተጋላጭነቱ 72 ሰዓት ካልሞላው ደግሞ ሳትዘገዩ ጤና ተቋም ሂዱ፤ ቫይረሱ እንዳይዛችሁ የሚከላከል መድኃኒት አለ።

ሊናቁ የማይገባቸው ለውጦች

አንደኛ፣ በምላስ፣ በላንቃና በጉንጭ ውስጥ እርጎ የሚመስል ነጭ ሽፋን ከታየ፣ ሲፋቅም ቀልቶ የሚደማ ከሆነ የአፍ ፈንገስ ሊሆን ይችላል። አንቲባዮቲክ በመውሰድ ወይም በስኳር በሽታም ሊመጣ ይችላል። ነገር ግን ያለ ምክንያት በወጣት ላይ ሲታይ የሰውነት በሽታ የመከላከል አቅም መዳከሙን ሊያመለክት ስለሚችል የኤች አይ ቪ ምርመራ ማድረግ ተገቢ ነው። ስትውጡ የሚያማችሁ ከሆነ ነገ ዛሬ አትበሉ። ፈንገሱም መድኃኒት አለው። ኤች አይ ቪም ቢሆን ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን መድኃኒቱ በነፃ ይሰጣል። መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድና ቫይረሱ በምርመራ የማይታይ ደረጃ ላይ የደረሰ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለሌላው አያስተላልፍም።

ሁለተኛ፣ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል። አክታ ኖረውም አልኖረውም ቲቢ ሊሆን ይችላል። ማታ ማታ ላብ፣ ትኩሳት፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ ክብደት መቀነስ ከታከለበት ጥርጣሬው ይጨምራል። ቫይረሱ በደሙ ውስጥ ያለ ሰው ግን ሁለት ሳምንት መጠበቅ የለበትም፤ ማንኛውም ሳል ያስመረምረዋል። አክታ ላይ ደም ከታየ ለማንም ቢሆን የዚያኑ ዕለት ነው።

ቲቢ በሳህንና በማንኪያ አይተላለፍም። በሽታው ያለበት ሰው ሲያስል፣ ሲያስነጥስና ሲናገር በሚወጡ ጥቃቅን ጠብታዎች በአየር ይተላለፋል። ስለዚህ በታክሲ ውስጥ “ብርድ ይመታኛል፣ መስኮቱን ዝጋው” ከመባባል መስኮቱን ከፈት ማድረግ፣ ስናስል አፋችንን በክንዳችን ወይም በመሐረብ መሸፈን፣ አክታንም መንገድ ላይ አለመትፋት ይገባል።

በምርመራ ጊዜ አንድ ነገር አትርሱ። የሚፈለገው ምራቅ ሳይሆን አክታ ነው። ብዙ ሰው ስለሚያፍር ምራቁን እንትፍ ብሎ ይሰጥና ውጤቱ የተሳሳተ ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያ አፋችሁን በውሃ ተጉመጥመጡ፤ ከዚያም ከሰው ራቅ ብላችሁ ነፋሻ ቦታ ላይ ሁለት ጊዜ በጥልቀት ተንፍሱና ከደረታችሁ አስሉ። የወጣውን ዕቃው ውስጥ አድርጋችሁ በደንብ ክደኑት። ጠዋት የሚወጣ አክታ ይመረጣል። ጂን ኤክስፐርት የሚባለው መሣሪያ የቲቢን ጀርምና ዋነኛውን የቲቢ መድኃኒት መላመዱን በሁለት ሰዓት ገደማ ይለያል።

ለተራው የሳንባ ቲቢ ሕክምናው 6 ወር ነው፤ በመንግሥት ጤና ተቋማትም በነፃ ይሰጣል። ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ሳሉ ሊጠፋ ይችላል፤ “ድኛለሁ” ብሎ ማቋረጥ ግን መድኃኒት የተላመደ ቲቢን ይጋብዛል። ለእንዲህ ዓይነቱ ቲቢ በእንጦጦ ግርጌ በሚገኘው ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል በ2001 ዓ.ም. ሕክምና ሲጀመር ለታማሚዎቹ የሚሰጠው ሕክምና አንድ ዓመት ተኩልና ከዚያ በላይ የሚፈጅ፣ መርፌም ያለበት ነበር። አሁን ቢያጥርም ከተራው ቲቢ ሕክምና የከበደ ነው።

በዚህ አጋጣሚ ከአራዳ ወደ ከተማዋ ዳር ለተዛወራችሁ ቤተሰቦችም አንድ ምክር አለን። የቲቢ ወይም የኤች አይ ቪ መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ሰፈር ስትቀይሩ ጤና ተቋማችሁን አሳውቁና የዝውውር ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። ቤት ሲቀየር መድኃኒት አይቋረጥም።

ፒያሳና አካባቢዋ ላላችሁ ራስ ደስታ ዳምጠውና የካቲት 12 ሆስፒታሎች፣ እንዲሁም የመንግሥት ጤና ጣቢያዎች ቅርብ ናቸው። አባቶቻችን “በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም” ይላሉ። ሳሉ ሁለት ሳምንት ከሞላው፣ አፍ ውስጥ ያለው ነጭ ነገር አልለቅ ካለ፣ ወይም ጥርጣሬው እንቅልፍ ከነሳችሁ ጓደኛችሁን አስከትላችሁም ቢሆን ሂዱና ተመርመሩ።