ምዘናው ከማመልከቻ ይጀምራል

ደብረ ሲናም ሆነ ሸዋ ሮቢት፣ ልጁ በትምህርቱ ወደ ኋላ የቀረበት ወላጅ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠብቀው ከደብረ ብርሃን ወይም ከአዲስ አበባ ሆስፒታል የሚመጣ፣ የችግሩን ስም የያዘ ወረቀት ነው። ያ ሳይገኝ ትምህርት ቤቱን መጠየቅ አይቻልም የሚለው እምነት ስህተት ነው፤ ልጁንም ዓመታት ያስከፍለዋል። የልዩ ፍላጎት ልየታ የሚጀመረው ከክፍል ውስጥ ነው። ከኋላ ወንበር ሰሌዳው አይታየው እንደሆነ፣ ፊቱን አዙሮ ሳለ ሲጠሩት አይሰማ እንደሆነ፣ በቃል የሚመልሰውን ጥያቄ በጽሑፍ ያቅተው እንደሆነ ከሐኪም በፊት የሚያውቀው መምህሩ ነው። የሐኪሙ ተራ ቀጥሎ ይመጣል፤ እሱም ቢሆን መቅደም ያለበት የዓይንና የጆሮ ምርመራ ነው። ጆሮው ደጋግሞ የሚመግል ልጅ መስማቱ ሲቀንስ እንደ ፈዛዛ ይቆጠራል፤ አጥርቶ የማያይ ልጅም ፊደል አልገባውም ይባላል። እነዚህ ሳይታዩ ስለ አእምሮ ዕድገት ማውራት መቸኮል ነው።

ጥያቄው ግን በጽሑፍ ይሁን። ወላጆች እዚህ ላይ ይዘናጋሉ፤ በር ላይ ለመምህሩ ነግረው ይመለሳሉ፣ መምህሩ ሲዛወር ነገሩ አብሮ ይጠፋል። ማመልከቻው ለርዕሰ መምህሩ ይጻፍ፣ ግልባጭ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይድረስ፣ ማህተምና ቀን ያረፈበት አንድ ኮፒ ወላጁ ዘንድ ይቅር። "ልጄ አይገባውም" የሚል ዓረፍተ ነገር ለመዛኙ ምንም አይነግረውም። "በግራ በኩል ስጠራው አይሰማኝም፤ ጆሮው መምገል የጀመረው አምና ክረምት ነው" የሚለው ግን የት መጀመር እንዳለበት ያሳየዋል። አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ይህን በደንብ ያውቁታል፤ እዚያ በፌዴራል ሕጉ መሠረት ወላጅ ለምዘናው በጽሑፍ ከፈቀደ በኋላ ትምህርት ቤቱ በ60 ቀን ወይም ስቴቱ በወሰነው ጊዜ መጨረስ አለበት። እኛ ዘንድ ቀኑን የሚቆጥርለት ስለሌለ፣ ወላጁ ራሱ የሚቆጥርበት ወረቀት በእጁ መኖሩ የበለጠ ያስፈልጋል።

የሰለጠነ ባለሙያ በሌለበት ማመልከቻ ምን ይፈይዳል የሚሉ አሉ። እጥረቱ እውነት ነው። የአካቶ ትምህርት ድጋፍ መስጫ ማዕከላት የታሰቡት አንዱ ማዕከል ለአካባቢው ትምህርት ቤቶች ሁሉ እንዲደርስ ነው፤ ሁሉም ጋ ግን አልደረሱም። ቢሆንም ልጁን ፊት ወንበር ማስቀመጥ፣ ጥያቄውን በትልልቅ ፊደል መጻፍ፣ የፈተና ሰዓት መጨመር ባለሙያ እስኪመጣ አይጠብቅም። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 አጽድቃለች፤ ስምምነቱም ለተማሪው እንደ ፍላጎቱ ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲደረግለት ያዛል። ስለዚህ ወላጁ የሚጠይቀው ውለታ አይደለም። ስም ይለጠፍበታል የሚለውም ስጋት ከባድ ነው፤ ነገር ግን ያልተመዘነው ልጅ ሰነፍ የሚል ስም ተለጥፎበት ሦስተኛ ክፍልን ይደጋግማል።

በይፋት ቆላ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ። ከሸዋ ሮቢት ወደ ሰንበቴ በሚወስደው መንገድ ቤቱ ኦሮምኛ የሚናገር ልጅ ብዙ ነው፤ አርጎብኛ የሚሰማ ልጅም አለ። በአማርኛ ተጠይቆ ዝም ያለን ልጅ ችግር አለበት ብሎ መመዝገብ ቋንቋን ከጉዳት ጋር ማምታታት ነው። የቤቱ ቋንቋ በማመልከቻው ላይ ይጻፍ፤ መዛኙ ቋንቋውን የማይችል ከሆነም የሚችል ሰው አብሮ እንዲቀመጥ ከወዲሁ ይጠየቅ።